የኢንተርኔት አጠቃቀማችን በአካባቢ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ለመቀነስ፦ ከስልክ ዕድሜ የሚጀምር የአሠራር መመሪያ

ስለ ኢንተርኔትና ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚሰጡ ምክሮች ብዙውን ጊዜ «አሮጌ ኢሜይሎችዎን ይሰርዙ» በሚል ይጀምራሉ። በዚህ መመሪያ ኢሜይል የሚነሣው ወደ መጨረሻው ገደማ ነው፤ ቅድሚያ የተሰጠው ለመሣሪያው፣ በተለይም ለስልክ ነው። ዲጂታል አገልግሎት ኃይል የሚወስደው በሦስት ቦታ ሲሆን፣ እነርሱም መረጃው የሚከማችበትና የሚሰላበት የመረጃ ማዕከል፣ መረጃውን የሚያመላልሰው ኔትወርክ፣ እንዲሁም በእጃችን ያለው መሣሪያ ናቸው። ከሦስቱ ተጠቃሚው በቀጥታ የሚያዝበት መሣሪያውን ብቻ ነው።

የመረጃ ማዕከላት ድርሻ ቀላል ነው ለማለት አይደለም። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው እነዚህ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 415 ቴራዋት ሰዓት (አንድ ቴራዋት ሰዓት አንድ ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው) የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ተጠቅመዋል፤ ይህም ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1.5 በመቶ ያህሉ ነው። በ2030 መጠኑ ከእጥፍ በላይ አድጎ ወደ 945 ቴራዋት ሰዓት እንደሚደርስ ኤጀንሲው ይገምታል። ይህን ዕድገት የሚወስኑት ግን በዋናነት ኩባንያዎችና መንግሥታት ናቸው፤ አንድ ቤተሰብ ውጤቱን በራሱ ሊያየው የሚችለው ሥራ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ነው።

ደረጃ 1፦ ኤሌክትሪክዎ ከምን እንደሚመነጭ ይለዩ

የኢትዮጵያ ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ኃይሉን የሚያገኘው ከውኃ ነው፤ ቀሪው በአመዛኙ ከነፋስ ይመነጫል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ስልክን ከሶኬት ቻርጅ ማድረግ የሚያስከትለው የካርቦን ልቀት እጅግ አነስተኛ ነው። በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቴል አቪቭ ወይም በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለሚኖር አንባቢ ግን ሒሳቡ ይለያል፤ በእነዚህ ቦታዎች አብዛኛው ኃይል ከተፈጥሮ ጋዝ፣ በአንዳንዶቹም ከነዳጅ ዘይት ወይም ከድንጋይ ከሰል ይመነጫል። በጋዝ የሚመነጭ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ400 እስከ 500 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል።

አሁን ስልኩን በዚህ ሚዛን እንመልከተው። በቀን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ የሚደረግ ስማርት ስልክ በዓመት 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ከጋዝ ቢመጣ እንኳ ልቀቱ 3 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። አፕል ስለ አይፎን 13 ባወጣው የአካባቢ ሪፖርት ደግሞ ስልኩ በዕድሜው ሙሉ የሚያስከትለው ልቀት 64 ኪሎ ግራም እንደሆነና ከዚህም ውስጥ 81 በመቶው በምርት ወቅት እንደሚወጣ ገልጿል። ይህ ማለት ስልኩ ከካርቶኑ ሳይወጣ ገና 52 ኪሎ ግራም ያህል ልቀት ተሸክሟል፤ በጋዝ ኃይል እንኳ ከ15 ዓመት በላይ ቻርጅ ከማድረግ ጋር የሚመጣጠን መጠን ነው። በውኃ ኃይል ለሚጠቀም ሰው ንጽጽሩ ከዚህም ይሰፋል። በመሆኑም ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ አንባቢ አብዛኛውን ጥረቱን በደረጃ 2፣ 3 እና 8 ላይ (ጄነሬተር የሚጠቀም ከሆነ በደረጃ 4ም ላይ) ቢያደርግ፣ ኤሌክትሪካቸው ከጋዝና ከከሰል በሚመነጭባቸው አገሮች ያለ አንባቢ ደግሞ በእነዚህ ላይ ደረጃ 4ን ቢጨምር የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ደረጃ 2፦ አዲስ ስልክ ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ስልክ ያድኑ

«ስልኬ አርጅቷል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ምክንያቶች በአንዱ ነው፤ ወይ ማኅደሩ ሞልቷል፣ ወይ ባትሪው ደክሟል። ሁለቱም አዲስ ስልክ መግዛትን የግድ የሚሉ ችግሮች አይደሉም።

በማኅደሩ ይጀምሩ። በብዙዎቻችን ስልክ ላይ ቦታውን የሚይዙት ቴሌግራምና ዋትስአፕ በራሳቸው የሚያወርዷቸው ቪዲዮዎችና ምስሎች ናቸው፤ የሠርግ ቪዲዮው፣ የሰላምታ ምስሉ፣ በአሥር ግሩፕ የተላከው አንድ ዓይነት ዜና ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ማኅደሩ ጢም ብሎ የሞላ ስልክ ይንቀራፈፋል፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ (አፕዴት) አልቀበልም ይላል፣ ፎቶ ማንሣትም ያቆማል። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን፣ ቀጥሎም «ስቶሬጅ ዩሴጅ» የሚለውን ከፍተው ካሹን (በጊዜያዊነት በስልኩ ላይ የተቀመጡትን ፋይሎች) ያጽዱ። ቴሌግራም ከምስጢራዊ ቻት በስተቀር መልእክቶችን በራሱ ሰርቨር ላይ ስለሚያስቀምጥ ከስልክዎ ያጸዱትን ፋይል ሲያስፈልግዎ መልሰው ማውረድ ይችላሉ። ዋትስአፕ ግን እንዲህ አይደለም፤ በ«ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ሥር «ማኔጅ ስቶሬጅ» በሚለው ቦታ የሚሰርዙት ፋይል ሊመለስ ስለማይችል፣ የሚፈልጓቸውን የቤተሰብ ፎቶዎች አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ከዚያም በሁለቱም መተግበሪያዎች ላይ ምስልና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ የማውረጃውን ምርጫ ይዝጉ። ይህ አንድ እርምጃ ማኅደርን ያተርፋል፣ የዳታ ጥቅልን ይቆጥባል፣ በኔትወርኩ ላይ የሚመላለሰውንም መረጃ ይቀንሳል።

ከዚህ በኋላ ወደ ባትሪው ይሂዱ። የሊቲየም ባትሪ በሞዴሉ መሠረት ከ500 እስከ 1,000 ሙሉ ዙር ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ወደ 80 በመቶ አቅሙ ይወርዳል። በአይፎን ላይ ይህን በሴቲንግ ውስጥ ባለው የባትሪ ክፍል ማየት ይቻላል፤ በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮችም ተመሳሳይ መረጃ ይገኛል። አቅሙ ከ80 በመቶ በታች ከሆነና ስልኩ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ባትሪውን ብቻ ያስቀይሩ። ጥገና ቤቱ የባትሪውን ዋጋና የእጁን ዋጋ ለየብቻ እንዲነግርዎ ይጠይቁ፤ የሚገባው ባትሪ ከመገጠሙ በፊት እንዲታይዎ ያድርጉ፣ ዋስትናም ይጠይቁ፤ ጥራት የሌለው ባትሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ያብጣልና።

ለባትሪ ከሁሉ የከፋው ጠላት ሙቀት ነው። ስልክን ትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ ማድረግ፣ በመኪና መስተዋት ሥር ፀሐይ ላይ መተው፣ ቻርጅ እየተደረገ ሳለ ረጅም የቪዲዮ ጥሪ ማድረግ ዕድሜውን ያሳጥራሉ። ስልክዎ ቻርጅን በ80 በመቶ የመገደብ ምርጫ ካለው ይጠቀሙበት። በአገራችን ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ቻርጀርን፣ ራውተርንና ላፕቶፕን በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ይንቀሉ፤ መብራቱ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ መልሰው ይሰኩት። ለኮምፒውተርና ለቴሌቪዥን ስታብላይዘር መግዛት ከአካባቢ ጥበቃ አንጻርም የሚያስመሰግን ወጪ ነው፤ የተቃጠለ ላፕቶፕን በአዲስ መተካት ከስልኩ የሚበልጥ የምርት ልቀት ይዞ ይመጣልና።

የተሰነጠቀ ስክሪን፣ የላላ የቻርጅ ቀዳዳና የማይሰማ ድምፅ ማጉያ በየሰፈሩ ጥገና ቤት የሚታከሙ ናቸው። የቻርጅ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከመቀየሩ በፊት ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል፤ የኪስ አቧራ ተጠቅጥቆበት ይገኛል።

ኮምፒውተር ላይም አሠራሩ ያው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በማቆሙ ወደ ዊንዶውስ 11 ሊያድጉ የማይችሉ፣ ነገር ግን ምንም ያልሆኑ በርካታ ኮምፒውተሮች ከአገልግሎት ሊወጡ ነው። ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች እነዚህን ከመጣላቸው በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ከእርሱ በሚፈጥን የመረጃ ማከማቻ) መቀየርና ዊንዶውስን የሚተካ፣ በነፃ የሚገኝ የሊኑክስ ሥርዓት መጫን እንዲሞክሩ እመክራለሁ፤ ለጽሑፍ ሥራና ለድረ ገጽ አሰሳ ከበቂ በላይ ናቸው።

ደረጃ 3፦ መግዛት ግድ ሲሆን ወይም ከውጭ ሲላክልዎ

በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ያገለገለ ስልክ መግዛት የአዲሱን የምርት ልቀት ያስቀራል። ወደ ኢትዮጵያ ብዙ ያገለገሉ ስልኮች የሚገቡት ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ይህ ልማድ በአግባቡ ከተያዘ ለአካባቢም ጠቃሚ ነው። ችግሩ ተቆልፎ የሚመጣው ስልክ ነው። ላኪው ስልኩን ከመላኩ በፊት ሦስት ነገሮችን ማድረግ አለበት። በመጀመሪያ የአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ስልኩን ከራሱ ሲም ካርድ ብቻ ጋር እንዲሠራ የቆለፈው እንደሆነ ማስከፈት ይኖርበታል፤ ክፍያው ያላለቀ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። ቀጥሎ የራሱን የአይክላውድ ወይም የጎግል አካውንት ከስልኩ ላይ ማስወጣት፣ በመጨረሻም ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ነው። አካውንቱ ሳይወጣ ፎርማት የተደረገ ስልክ ሲበራ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ደግሞ ውድ የሆነው ዕቃ ለመለዋወጫ ብቻ የሚውል ይሆናል። እኅት ለወንድሟ በፍቅር የላከችው ስልክ በመሳቢያ ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ተቀባዩ ወይም ገዢው በበኩሉ *#06# ደውሎ የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክር፤ የባትሪውን አቅም ይመልከት፤ ሲም ካርዱን ከትቶ ይደውል።

አዲስ የሚገዙ ከሆነ ከካሜራው በፊት ስለ ማሻሻያው ዘመን ይጠይቁ። ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የሰባት ዓመት ማሻሻያ እንደሚሰጡ አስታውቀዋል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ ስማርት ስልኮች ባትሪያቸው ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ፣ መለዋወጫቸውም ለሰባት ዓመት እንዲገኝ ሕግ ያስገድዳል፤ አውሮፓ ያለ ዘመድ ካለዎት ይህን የሚያሟላ ሞዴል እንዲመርጥልዎ ይንገሩት። ዋጋቸው ዝቅ ባሉ ስልኮች ላይ የማሻሻያው ዘመን ብዙውን ጊዜ አጭር ስለሚሆን፣ የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች አሮጌውን አንድሮይድ መደገፍ ሲያቆሙ ስልኩ ሳይበላሽ ከጥቅም ይወጣል።

ደረጃ 4፦ ጄነሬተር፣ ራውተርና ቴሌቪዥን

ከላይ ስለ ንጹሕ የውኃ ኃይል የተባለው ሁሉ ጄነሬተር ሲነሣ ይፈርሳል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ባሰላው አማካይ መሠረት አንድ ሰዓት ቪዲዮ በኢንተርኔት ማየት 36 ግራም ያህል ልቀት ስለሚያስከትል፣ ያ አንድ ሊትር ከ60 ሰዓት በላይ ቪዲዮ ከማየት ጋር እኩል ነው። ስልክና ላፕቶፕ ብቻ ለመሙላት ጄነሬተር ማስነሣት ከሁሉ የባሰው አሠራር ነው፤ ጄነሬተሩ ትንሽ ጭነት ቢኖርበትም ነዳጁን ያቃጥላል። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ ስልክን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞላል፤ መብራት ባለበት ሰዓት ሞልተው ያስቀምጡት። ጄነሬተር ለሌላ ሥራ በሚነሣበት ሱቅ ወይም ቢሮ ግን በዚያው ሰዓት ሁሉንም መሣሪያ አብሮ መሙላት ይሻላል።

ራውተር ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ ትንሽ የሚመስለው ፍጆታው ይጠራቀማል። 8 ዋት የሚወስድ ራውተር በዓመት 70 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ አሥር ስልኮችን ዓመቱን ሙሉ ቻርጅ ከማድረግ ጋር እኩል መሆኑ ነው። ሌሊት ለስምንት ሰዓት ያህል ቢጠፋ ሲሦው ይተርፋል። ቴሌቪዥን ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ኤጀንሲው እንደሚለው 50 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ከስማርት ስልክ 100 እጥፍ ያህል ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ቪዲዮ በማየት ከሚወጣው ኃይል 72 በመቶው የሚጠፋው በመሣሪያው ላይ እንደሆነም ያው ስሌት ያሳያል። በመሆኑም መዝሙር፣ ስብከት ወይም ዜና ለማዳመጥ ብቻ ዩቲዩብን በትልቁ ቴሌቪዥን ከፍቶ መዋል ሊቀር የሚችል ብክነት ነው፤ በስልክ ወይም በድምፅ ማጉያ ማዳመጥ በቂ ነው። የዚህ ደረጃ ትርፍ ኢትዮጵያ ውስጥ በመብራት ሒሳብ ላይ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአሜሪካ ደግሞ በሒሳቡም በልቀቱም ላይ ይታያል።

ደረጃ 5፦ የቪዲዮን ጥራት ከስክሪኑ ጋር ያመጣጥኑ

በዚህ ርዕስ ላይ ብዙ የተጋነነ ነገር ተወርቷል። አንድ የፈረንሳይ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ማየት 1.6 ኪሎ ግራም ልቀት ያስከትላል ማለቱ በመላው ዓለም ከተሠራጨ በኋላ፣ ቢትና ባይት ተምታተው ቁጥሩ በስምንት እጥፍ እንዳደገ ራሱ አርሟል። የካርበን ትረስት የተባለው የብሪታንያ ድርጅት የ2021 ጥናት ለአውሮፓ ያወጣው አማካይ በሰዓት 55 ግራም ነው። ስለዚህ ፊልም በማየትዎ ሊሸማቀቁ አይገባም።

ሆኖም ጥራትን ማስተካከል ምንም ወጪ የለውም። በኔትፍሊክስ ዝቅተኛው ጥራት በሰዓት 0.3 ጊጋባይት ሲወስድ ኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት፣ ከኤችዲ የሚልቀው ፎርኬ (4K) ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ይወስዳል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ግን በኤችዲና በፎርኬ መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን አይለየውም። በዩቲዩብ ሴቲንግ የቪዲዮ ጥራት ምርጫ ውስጥ ዳታ ቆጣቢውን ይምረጡ፤ በፌስቡክና በቲክቶክም ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ወይም ዳታ እንዲቆጥብ የሚያደርገውን ምርጫ ይፈልጉ። ደጋግመው የሚያዳምጡትን ነገር አንድ ጊዜ በዋይፋይ አውርደው ያስቀምጡት፤ በአንድ ጊጋባይት ሲታሰብ የፋይበር መስመር ከሞባይል ኔትወርክ ያነሰ ኃይል ይወስዳል።

የሞባይል ማማ ሰው ተጠቀመበትም አልተጠቀመበትም አብዛኛውን ኃይሉን ስለሚወስድ፣ ዛሬ የቆጠቡት ዳታ ዛሬውኑ ኤሌክትሪክ አይቀንስም። ውጤቱ የሚታየው በጊዜ ሂደት ነው፤ ኔትወርኩ በሚጨናነቅበት ሰዓት ያለው ፍላጎት ሲያድግ ኩባንያዎች ተጨማሪ መሣሪያ ይተክላሉ፣ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የራቁ ማማዎች ደግሞ በዲዝል ጄነሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል ይሠራሉ።

ደረጃ 6፦ ቻናል፣ ገጽ ወይም ግሩፕ የሚያስተዳድሩ ከሆነ

የአንድ አስተዳዳሪ ውሳኔ ከብዙ ተከታዮች ጥረት ይበልጣል። 20,000 ተከታይ ባለው የቴሌግራም ቻናል ላይ 5 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ በፋይል መልክ ቢለጠፍና ሁሉም ቢያወርዱት 100 ጊጋባይት ይመላለሳል። ያንኑ በፎቶ መልክ ቢልኩት ቴሌግራም ራሱ አሳንሶት 300 ኪሎባይት ገደማ ቢሆን ጠቅላላው 6 ጊጋባይት ይሆናል። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያን በምስል ፈንታ በጽሑፍ መለጠፍ ከዚህም ይቀላል፤ በፍለጋም ይገኛል፣ ደካማ ኔትወርክ ላላቸውም ይደርሳል።

ደረጃ 7፦ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ክላውድና ኢሜይል

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የራሱ ስሌት መሠረት ጀሚናይ ለተባለው የራሱ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚቀርብ አንድ መካከለኛ የጽሑፍ ጥያቄ 0.24 ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክና 0.26 ሚሊ ሊትር ውኃ ይወስዳል። አንድ ጊዜ ስልክ ለመሙላት የሚያስፈልገው ኃይል ከ80 ያህል ጥያቄዎች ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ቪዲዮ እንዲሠራልዎ ማዘዝ ግን ከጽሑፍ ጥያቄ እጅግ የላቀ ኃይል ይጠይቃል፤ ለቀልድ ያህል ደጋግመው ከማሠራትዎ በፊት ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ነው። በክላውድ (በኢንተርኔት በኩል ፋይል በሚቀመጥበት ማከማቻ) ላይ አላስፈላጊ ቪዲዮዎችን በዓመት አንድ ጊዜ ማጽዳት ይበቃል። ኢሜይልን በተመለከተ፣ የማያነቧቸውን የማስታወቂያ መልእክቶች ምዝገባ ይሰርዙ እንጂ አሮጌዎቹን አንድ በአንድ ለማጥፋት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ሰዓታት አይጨርሱ፤ በእነዚያ ሰዓታት ኮምፒውተሩ የሚወስደው ኃይል ከሚያድኑት ሊበልጥ ይችላል።

ደረጃ 8፦ የማይጠገነውን መሣሪያ በአግባቡ ያስወግዱ

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንደተፈጠረና ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ሪፖርት አድርገዋል፤ በአፍሪካ ይህ መጠን ከ1 በመቶ በታች ነው። በኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከት ደንብ አውጥቷል፤ በየቤቱ ያለው ልማድ ግን አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም ለቆራሌው መሸጥ ነው።

በመጀመሪያ የሚያስፈልግዎትን መረጃ ይገልብጡ፤ አካውንቶችዎን ያስወጡ፤ ስልኩን ፎርማት ያድርጉ፤ ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ። የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች የነበሩበት ስልክ ይህ ሳይደረግለት ከእጅዎ መውጣት የለበትም። ከዚያ በሰፈርዎ ያለውን ሞባይል ጠጋኝ ይጠይቁ፤ የሞተ ስልክ ስክሪን፣ ካሜራ ወይም የቻርጅ ክፍል ሌላ ስልክ ሊያድን ስለሚችል ብዙዎቹ በደስታ ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹም ይገዛሉ። ውጭ አገር ያሉ አንባቢዎች ትልልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ወይም የከተማ አስተዳደሮች የሚያዘጋጁትን የመሰብሰቢያ ቦታ መጠቀም ይችላሉ። ለቆራሌው የሚሰጡ ከሆነ ባትሪውን ለይተው ለጥገና ቤት ያስረክቡ። ገመድንም ሆነ ሰሌዳን መዳብ ለማውጣት በማለት በግቢ ውስጥ አያቃጥሉ፤ ፕላስቲኩ ሲነድ ዳይኦክሲን የተባለ መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ በአሮጌ ቴሌቪዥኖች መስተዋት ውስጥ ያለው እርሳስም ሲሰበር ወደ አፈርና ወደ ውኃ ይገባል።

ያበጠ ባትሪ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስልኩን ወዲያው ያጥፉ፣ ቻርጅ ማድረግ ያቁሙ፣ ባትሪውን አይውጉ፣ አይጫኑ፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይቀላቅሉ። የሚረከብዎትን ሰው እስኪያገኙ ድረስ በብረት ጣሳ ውስጥ ደረቅ አሸዋ አድርገው፣ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት።